የአንድ ከአሥራ አራቱ ባቡር

…ወንበሩ ራሱ ይለሰልሳል፣ ከሚገባው በላይ ይለሰልሳል፣ ሰው ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ እስኪመስለው፣ አሎይስ ደግሞ ባቡር ላይ ሆኖ ሳሎኑ ውስጥ ያለ እንዲመስለው ፈልጎ አያውቅም፣ ባቡር ባቡር ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በሾፌር ወንበር ላይ፣ ያውም በዚያ በደረቁ ወንበር ላይ፣ ከቦሁሚን ፕራግ ከፕራግ ቦሁሚን ሲመላለስ አንድ ቀን ወገቤን አላለም፣ ብሎ ከሆነም ለሚስቱ ለቭላስታ ብቻ ነው፣ ይህ ወንበር ግን ወይን ጠጅ ነው። ለምንድን ነው ወይን ጠጅ የሆነው።

ቀና ይላል። መጋረጃው ወይን ጠጅ። ምንጣፉ ወይን ጠጅ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሴትዮ የምታነበው ነጻ ጋዜጣ፣ የጋዜጣው ጥግ ላይ ያለችው ምልክት፣ እሷም ወይን ጠጅ።

ፕሪሞቹ።

የተቀመጠው የፕሪሞቹ ባቡር ውስጥ ነው። በዚህ ሃዲድ ላይ ሦስት ኩባንያ ይሠራል፣ የመንግሥቶቹ ሰማያዊ ናቸው፣ ኋላ የመጡት ግራጫ፣ ከእነሱም ኋላ የመጡት ወይን ጠጅ፣ የበሰለ ፕሪም የሚመስል ቀለም፣ ስለዚህ የባቡር ሠራተኛው ሁሉ ፕሪሞቹ ይላቸዋል፣ በፍቅር አይደለም። አሎይስ የፕሪሞቹ ባቡር ላይ እግሩ እንደማይደርስ ከተናገረ አራት ዓመት ሆነው፣ የተናገረውም ለማንም አይደለም፣ ለገዛ ልጁ ነው፣ ለራዲም፣ ያውም በገና ዋዜማ፣ ያውም ማዕድ ላይ፣ ለበዓሉ የተጠበሰው ዓሣ ፊት። አሁን ግን እግሩ ደርሷል። ሁለቱም እግሮቹ። ምንጣፉ ላይ ናቸው፣ ጫማው አመዳዩን እያቀለጠ ምንጣፋቸውን ያረጥብላቸዋል፣ ይበላቸው።

እንዴት እንደሆነ መረዳቱ አይደለም የሚከብደው፣ ማመኑ ነው። ስቪኖቭ ጣቢያ ሲደርስ ገና አልነጋም፣ እንደ ሁልጊዜው ሁለተኛው መሳፈሪያ ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው ከሰዓቱ ሥር ቆመ፣ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሦስት ላይ ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሰሌዳውን አላየም። ሰሌዳ የሚያየው ተሳፋሪ ነው። የአንድ ከአሥራ አራቱን ባቡር እሱ ጢሙ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ሰማያዊ ነው፣ ስንት ክረምት ራሱ ነድቶታል፣ የገዛ ቤቱን በር ከፍቶ ሲገባ የበሩን ቀለም የሚያይ ማን አለ። ትናንት ግን እሑድ ነበር። የዲሴምበር ሁለተኛው እሑድ፣ የአገሩ የባቡር ሰዓት ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚለወጥበት ቀን፣ ሥራ ላይ ሳለ ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እርሳስ የሚያከብበው ቀን። ለውጠውታል ማለት ነው። አንድ ከአሥራ አራትን ለፕሪሞቹ ሰጥተው ሰማያዊውን ወደ ኋላ ገፍተውታል፣ ደንብ ነው፣ ሰዓት የማንም ርስት አይደለም፣ ያመለከተ ይወስዳል፣ ማንም አልበደለውም፣ እሱ ራሱ ነው የዘነጋ።

ጡረታ ማለት ይኸው ነው።

ቭላስታ ብትሰማ ትስቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት ስቪኖቭ ቲኬት መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ሰዓት ስትናገር የኖረች ሴት ናት፣ ዛሬም ድረስ አዲሱ የጊዜ ሰሌዳ ሲወጣ መነጽሯን አድርጋ እንደ ልቦለድ ታነበዋለች፣ ምነው አንቺ ሴት ምን አለበት ሲላት፣ ማን ከማን ጋ እንደሚገናኝ ማየት ደስ ይለኛል ትላለች። አሁን ግን አትስቅም፣ አሁን ኦሎሞውትስ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ከትናንት ጀምሮ፣ ኩላሊቷ ላይ የበቀለ ነገር አለ፣ ዶክተሩ ከፍተን እናያለን አለ፣ ከፍተን እናያለን፣ እንደ ሞተር፣ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ። ጭኑ ላይ ያለው ፌስታል ውስጥ ነጠላ ጫማዋ አለ፣ ረስታው ሄዳ፣ የሱፍ ካልሲዋና የቃላት እንቆቅልሽ መጽሔቷም አለ። ሌላ ምንም አታምጣ አለችው። በአንድ ከአሥራ አራቱ ና፣ እንደ ልማድህ፣ ሌላ ነገር አታማርጥ።

ቡና ነው ሻይ የሚወስዱት ጌታዬ፣ ትላለች አስተናጋጇ፣ ጋሪዋን እየገፋች መጥታ፣ ደረቷ ላይ ሲሞና የሚል ተጽፏል፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ምንም አልፈልግም። ነጻ ነው እኮ። ነጻ ከሆነማ ጭራሽ አልፈልግም። ልጅቱ አትከፋም፣ እንዲህ ያለ ሽማግሌ በየቀኑ ይገጥመኛል የሚል ፊት አላት፣ ውሃ ልተውልዎት ትልና ብርጭቆ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ እስከ አፉ ሞልታ፣ ባቡር ላይ እንዲህ አይቀዳም፣ ማን አስተማራት፣ ቲኬትዎን ደግሞ ባየው፣ ትላለች።

ካርዱን ያወጣል። ጥግ ጥጉ የተበላ ካርድ፣ ጢሙ ጥቁር የሆነበት ፎቶ ያለበት፣ ከድንበር እስከ ድንበር ማንኛውም ሰማያዊ ባቡር ላይ በነጻ የሚያሳፍር፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራበት። ልጅቱ ታየዋለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ አባቴ፣ ትላለች፣ ጌታዬ ቀርቶ አባቴ ሆኗል፣ ይቺ እኛ ጋ አትሠራም። አውቃለሁ ይላል። ተሳስተው ነው? እዚህ ላይ አዎ ማለት ነበረበት፣ አንዲት ቃል ናት፣ አፉ ግን እንቢ ይለዋል፣ ይህን መንገድ ድንጋይ በድንጋይ የሚያውቅ ሰው ባቡር ተሳስቼ ተሳፈርኩ አይልም፣ ሰው እየሰማ አይልም፣ ማን ተሳሳተ ይላል፣ ቁረጪልኝ፣ እስከ ህራኒትሴ።

ህራኒትሴ ላይ ይወርዳል። ወርዶ ሰማያዊውን ይጠብቃል፣ ብርድ ነው፣ ይሁን፣ ግማሽ ሰዓት ቢቆም ነው፣ ለአምስት ሰዓት ብዙ ጊዜ አለ። ቃል ቃል ነው።

ፊት ለፊቱ ያለችው ሴትዮ ጋዜጣዋን ታጥፋለች። እኔ እንኳ አንድ ቀን በሰማያዊው ቲኬት ግራጫው ላይ ወጥቼ፣ ትላለች ሳትጠየቅ፣ እስከ ፕራግ ስጨቃጨቅ ሄድኩልዎ፣ አሁን ለማንም አላደላም፣ ቀድሞ የመጣው ላይ ነው የምወጣ፣ ሁሉም ያው በአንድ ሃዲድ አይደል የሚሄዱት። ከቦርሳዋ ቆርቆሮ አውጥታ ትከፍታለች፣ የገና ኩኪስ ነው፣ ጨረቃ የሚመስለው፣ ስኳር የተነሰነሰበት፣ ይውሰዱ እንጂ፣ በእጄ የሠራሁት ነው፣ አንድ ይወስዳል፣ ለእሷ ነው እንጂ ለፕሪሞቹ አይደለም። ቭላስታ ዘንድሮ አልሠራችም። ስትሠራ ስሙን አቆላምጣ ትጣራለች፣ ሎይዛ፣ ና ቅመስ፣ ቅቤው አልበዛም? ዘንድሮ አልተጣራችም፣ እሱም ኩኪሱ መቅረቱን እስከዚህ ደቂቃ አላስተዋለም ነበር።

ሁሉም በአንድ ሃዲድ ነው የሚሄዱት። በእሱስ ልክ ናት።

ችግሩም እሱ ነው። አንድ ሃዲድ ላይ ሦስት ኩባንያ ሲሄድ አንዱ ለአንዱ ይቆማል፣ የዘገየ ጎን ይይዛል፣ በሰዓቱ የመጣ ያልፋል። የአሎይስ የመጨረሻ ጉዞ የዛሬ አራት ዓመት ነበር፣ እንደ ዛሬው ዲሴምበር፣ ሾፌር ጡረታ ሲወጣ እንደሚደረገው የሎኮሞቲቩን ግንባር በጥድ ቅርንጫፍ አስጊጠውለት፣ ስሙንና ዓመቱን በነጭ ጠመኔ ጽፈውለት፣ ቭላስታ የመጀመሪያው ፉርጎ ውስጥ አዲሱን ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ አንድ ባልደረባ አኮርዲዮን ይዞ፣ አለቃው ንግግር አደረገ፣ አለቃ ደግሞ ንግግር ከጀመረ አያልቅም፣ ኬክ ተቆረጠ፣ ከቦሁሚን ሲነሱ ስድስት ደቂቃ ዘግይተው ነበር። ስድስት። በሥራ ዘመኑ ሁሉ በገዛ ጥፋቱ ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ አያውቅም። ህራኒትሴ ላይ ቀይ መብራት በራ፣ ጎን ያዝ ተባለ፣ ሦስተኛው ሃዲድ ላይ ከነጥዱ ከነጠመኔው ቆመ፣ ከኋላ የፕሪሞቹ ፈጣን ባቡር መጣ፣ በሰዓት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር፣ ሳይዘገይ፣ ይነዳው የነበረው ማን ነው፣ ራዲም ነው። አንድ ቤት ያደገ፣ አንድ የባቡር ዴፖ የተቀጠረ፣ አባቱ ጎን ተቀምጦ የተማረ፣ ከዚያ ሰማያዊውን ትቶ ወደ ፕሪሞቹ የሄደ ራዲም። ሲያልፍ ጡሩምባውን ነፋ። አጭር አይደለም፣ ከጣቢያው መግቢያ እስከ ድልድዩ ድረስ አንድ ረጅም፣ ጥዱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ አኮርዲዮን የያዘው ሰውዬ ሳቀ። አለፍኩህ ማለቱ ነው። በጡረታዬ ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ አለፍኩህ። ምን ሌላ ትርጉም አለው።

ይህን ነው በገና ዋዜማ የተናገረው። ራዲም መጀመሪያ ያልገባው መሰለ፣ አባዬ ምን እያልክ ነው አለ፣ እሱ ግን አንዴ ጀምሯል፣ ሸጥከን አለው፣ በዚያ ፕሪም ባቡርህ ላይ እግሬ አይደርስም አለው፣ አንተም እዚህ ቤት እግርህ፣ ይህን አልጨረሰውም፣ አልጨረሰውም ግን ልጁ ሹካውን አስቀምጦ ካፖርቱን ወሰደ። ቭላስታ ከወንበሯ ተነሳች። ዓሣውን አነሳችው። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ኩሽና ይዛ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ከልጇ ጋር ታወራለች፣ እሱ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል፣ አራት ዓመት።

ይህ የቭላስታ በሽታ ሲታወቅ ደግሞ፣ ለራዲም አንተ ንገረው አለችው። እኔ አልነግረውም። አንተ አባቱ ነህ አንተ ንገረው። ሁለት ሳምንት ሰጠችው። ስልኩን ያነሳል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ያስቀምጣል፣ ምን ብሎ ይጀምራል፣ ጤና ይስጥልኝ እኔ አባትህ ነኝ ይላል? ቅዳሜ ዕለት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ጠየቀችው፣ ነገርከው? ነገርኩት አላት። እንዲያው በደረቁ። ምን አለ? ደነገጠ አላት። ቭላስታ ረጅም ጊዜ አየችው፣ እሺ ጥሩ አለች፣ የሌሊት ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።

ዋሽቷታል። አርባ አንድ ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት ከቢላ በፊት ዋሽቷታል፣ ዛሬ ገብታ ባትነቃ ደግሞ፣ ባትነቃ፣ ልጁ ሳያውቅ፣ ልጁ አንድ ባቡር ላይ ሆኖ ሳያውቅ። አፍሯል። በጣም ነው ያፈረው፣ ውሃ ልጠጣና ይለፈኝ ብሎ ብርጭቆውን ያያል።

ውሃው እንዳለ ነው።

እስከ አፉ የተሞላ ነው፣ ባቡሩ ደግሞ ፍሬን ይዟል፣ ህራኒትሴ መግቢያ ላይ ናቸው፣ ይሰማዋል፣ ጆሮው ሳይሆን ወገቡ ይሰማዋል፣ ውሃው ግን ጫፍ ላይ አንድ ክር ያህል እንኳ አላዘነበለም። እንዲህ የሚይዝ ሾፌር ብዙ የለም። መጀመሪያ በስሱ፣ ረዘም አድርጎ፣ ከዚያ ጠንከር፣ ከዚያ ሊቆም ሦስት ሜትር ሲቀረው ፍሬኑን መልቀቅ፣ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል መልቀቅ፣ ባቡሩ በራሱ ክብደት እንዲተኛ፣ አብዛኛው ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚይዘው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እጅ እንደሚነሳ ሰው ወደ ፊት ይሰግዳል። አሎይስ ግን ሾፌሩ ፊት ሻይ አስቀምጦ ነበር የሚያስተምረው። ሻዩ ከፈሰሰ ጣቢያ አልደረስክም ይለው ነበር፣ ጣቢያውን ገጨኸው እንጂ። ያስተማረውም አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሦስት ሜትር።

ይለቃል። ባቡሩ ይተኛል። ብርጭቆው ፀጥ።

ህራኒትሴ፣ ይላል ድምፅ ማጉያው። ሴትዮዋ፣ መውረጃዎ አይደለም እንዴ ትለዋለች። ፌስታሉን ይዞ ተነስቷል፣ ቆሟል፣ በሩ ተከፍቶ ብርዱ እግሩ ድረስ ገብቷል፣ በመስኮቱ ሦስተኛው ሃዲድ ይታያል፣ ባዶ ነው፣ አመዳይ ብቻ፣ ሲሞና በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ልጄ፣ ይላታል፣ ማን ነው ዛሬ የሚነዳው? ልጅቱ ግር ይላታል፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው አይገጥማትም፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ? የለም። እንዲያው። ራዲም ነው፣ ትላለች፣ ሰኞ የእሱ ተራ አልነበረም፣ ለምኖ ነው የቀየረ። በሩ ይዘጋል። አሎይስ ተመልሶ ይቀመጣል። እስከ ኦሎሞውትስ ጨምሪልኝ ይላል፣ ሳያያት።

ልጁ አምስት ፉርጎ ወደ ፊት ተቀምጧል።

አንድ ሃዲድ ላይ፣ አንድ ባቡር ውስጥ፣ በአራት ዓመት መጀመሪያ ጊዜ፣ አምስት ፉርጎ። ቀኑ ነግቷል፣ የቤችቫ ወንዝ ጭጋግ ለብሶ ከጎን ይሄዳል፣ የየዜርኒትሴ የድንጋይ ድልድይ ያልፋል፣ ባቡሩ ሲነሳ እንኳ የልጁ እጅ ያስታውቃል፣ እንዴት ቀድሞ አላወቀም፣ ስላኮረፈ ነው። ኦሎሞውትስ ሁለት ደቂቃ ይቆማል። ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሎኮሞቲቩ ጋ ደርሶ፣ መስኮቱን አስከፍቶ፣ እናትህ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው ማለት ይቻላል፣ ቃሉ አጭር ነው፣ ጊዜው ይበቃል። ከዚያ ለቭላስታ ነገርኩት ቢላት እውነት ይሆናል።

ደውዬ ላገናኝዎት እችላለሁ፣ ትላለች ሲሞና፣ አልሄደችም ነበር፣ ፊቱን ስታይ ቆይታለች፣ ለሾፌሩ መልእክት ካለዎት ስልክ አለን። አይሆንም። በፍጹም አይሆንም፣ ይላታል፣ ጠንከር ብሎበት ሴትዮዋ ቀና ትላለች። ለሚነዳ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ይህ የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል፣ የሰማያዊው ይሁን የግራጫው፣ ሾፌር ሥራውን እስኪጨርስ ይጠበቃል። እሱ ራሱ፣ እናቱ የሞተች ቀን፣ ያ ጎርፍ የነበረበት ዓመት፣ ከቦሁሚን ተነስቶ ፕራግ እስኪደርስ አንድ ቀይ መብራት አልገጠመውም፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ምን ዓይነት የተባረከ ቀን ነው እያለ ሲነዳ ነበር፣ እያፏጨ፣ ለካ በየጣቢያው ያሉት ሁሉ ያውቃሉ፣ ለካ እየተቀባበሉ መንገድ እየጠረጉለት ነው፣ ፕራግ ሲቆም የጣቢያው ተረኛ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መሳፈሪያው ላይ ይጠብቀው ነበር። ተቆጥቶም ነበር፣ አመስግኖም ነበር። እስከ ዛሬ አረንጓዴ መብራት ሲደጋገምበት ደስ አይለውም።

ራዲም ከኦሎሞውትስ በኋላ ፕራግ ድረስ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ከኋላው አራት መቶ ሰው። ይህቺ ባለኩኪስ ሴትዮ። ሲሞና። እናቱን ቢላ እየጠበቃት እሱ በመቶ ስልሳ። አባት ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ይነግረው ነበር፣ ሁለት ሳምንት ነበረው፣ ሁለት ሳምንት ቴሌቪዥን ሲያይ። ከነገረው መንገደኛውን ይበድላል፣ ካልነገረው ልጁን ይበድላል፣ ቭላስታንማ በድሏል። ምን ያድርግ። አይነግረውም። ይሄዳል፣ ያየዋል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ኦሎሞውትስ ና ይለዋል፣ ለምን ቢለው፣ ዝም ብለህ ና ይለዋል፣ ልጁ ይገባው ይሆናል፣ ባይገባውም ይመጣል፣ ቢመጣ።

ላይመጣ ይችላል።

ይነሳል። ፌስታሉን ይይዛል፣ ለሴትዮዋ አመሰግናለሁ ይላል፣ አንድ ተጨማሪ ጨረቃ እጁ ውስጥ ትጥልለታለች፣ ለመንገድ፣ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጉልበቱ ያመዋል፣ አምስተኛው ፉርጎ፣ አራተኛው፣ ተማሪዎች ተኝተዋል፣ ሦስተኛው፣ አንዱ በስልኩ በዘጠኝ እንገናኝ እያለ ይጮሃል፣ ሁለተኛው፣ እየሄደ ሳለ ፍሬኑ ይጀምራል፣ በስሱ፣ ረዘም፣ መያዣ ሳይፈልግ ይራመዳል፣ ሽማግሌ ሰው ፍሬን በያዘ ባቡር ውስጥ ሳይደገፍ ይራመዳል፣ ይህን ሰው ሁሉ ቢያይለት ይወድ ነበር። ኩራት ነው ይኼ። አዎ ነው። መጀመሪያው ፉርጎ። በሩ። ሦስት ሜትር። ይተኛል።

ሁለት ሰዓት ከስምንት። በሰዓቱ።

ይወርዳል፣ ብርዱ ጥርሱ ድረስ ይገባል፣ ሎኮሞቲቩ ሃያ እርምጃ ነው፣ መስኮቱ አስቀድሞ ተከፍቷል፣ ራዲም አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ያያል፣ ደንቡ ነው፣ ሾፌር ተሳፋሪ ሲወርድ ያያል፣ ጢም አሳድጓል፣ ጥቁር፣ ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ቁጭ ብሎ የሚያየው ይመስላል፣ አሎይስ አፉን ይከፍታል፣ ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ቃል የቷ ናት። አያያዝህ ጥሩ ነው ይላል። ሻዩ አልፈሰሰም።

አውቃለሁ፣ ይላል ራዲም። ድምፁ ወፍሯል። ከስቪኖቭ ጀምሮ እየተጠነቀቅኩልህ ነው።

ምን ማለት ነው ከስቪኖቭ ጀምሮ። ስማ ልጄ፣ ይላል አሎይስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራህን ስትጨርስ፣ ወደዚህ ብትመለስ፣ አለ አይደል፣ እዚህ ኦሎሞውትስ፣ እና ያቆማል፣ ልጁ እያየው ነው፣ ፌስታሉን እያየው ነው፣ ነጠላ ጫማዋ በፌስታሉ አፍ ብቅ ብሏል፣ አረንጓዴው፣ ራዲም ነው የገዛላት፣ ድሮ።

አምስት ሰዓት አይደል የምትገባው፣ ይላል ራዲም። አርብ ዕለት ደውላ ነገረችኝ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ መልሳ ደወለች፣ አባትህ ነገርኩት አለኝ፣ አልነገረህም አይደል አለችኝ፣ አልነገረኝም አልኳት፣ ሳቀች። ሰኞ አንድ ከአሥራ አራቱን አንተ ያዘው አለች፣ እሱ ሰሌዳ አያይም፣ ይሳፈራል። ለመቀየር ሁለት ሰው ለመንኩ። እስኪ ስትገባ ንገራት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቻለሁ፣ ስትነቃ አጠገቧ ነኝ በላት።

አርብ። እንግዲህ ከአርብ ጀምሮ ያውቃል። ያን ሁሉ እያወቀ ነው ከስቪኖቭ እስከዚህ የመጣው፣ ህራኒትሴ ላይ የለቀቀው፣ ሦስት ሜትር ሲቀረው፣ እያወቀ። ደህና ሾፌር ነው፣ አባቱ ያልነገረውን ነገር ይዞ አራት መቶ ሰው ሳያዘነብል ወሰደ። አሎይስ ነጠላ ጫማውን ወደ ፌስታሉ ይመልሳል። አላጉረመረምክም፣ ይላል ራዲም፣ ወንበራችን ተስማማህ? ይለሰልሳል ይላል አሎይስ፣ በጣም ይለሰልሳል። ያ ቀን፣ ይላል ከዚያ፣ ሳያስበው፣ ህራኒትሴ፣ ያ ጡሩምባ። ከኋላ ሲሞና እጇን አንስታለች፣ ሁሉ ገብቷል፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ራዲም ፊቱን ወደ ፊት ይመልሳል፣ ሾፌር መብራት ሲበራለት ወሬ የለውም፣ እንዲህ ነው ያስተማረው። ባቡሩ ይነሳል፣ ሳያንገጫግጭ ይነሳል፣ ወይን ጠጁ ፉርጎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሴትዮዋ በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች፣ ስድስት።

ከዚያ ጡሩምባው። አንድ ረጅም፣ ከመሳፈሪያው ጫፍ እስከ መሻገሪያው ድልድይ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ።

ከተማ ጣቢያ ውስጥ ያለ ምክንያት ጡሩምባ መንፋት ክልክል ነው። ሎኮሞቲቩ ራሱ ይመዘግበዋል፣ ከሰኮንዱ ጋር፣ ለምን ነፋህ ተብሎ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ነገ ጠዋት ራዲም አለቃው ፊት ቆሞ መልስ ይሰጣል። ያን ጊዜም ቆሟል ማለት ነው። የዛሬ አራት ዓመት፣ ህራኒትሴ ላይ፣ ከመግቢያው እስከ ድልድዩ፣ ያን ያህል ረጅም፣ ተመዝግቦበታል፣ ተጽፎበታል፣ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለ። እሱ አባቱ ይህን ደንብ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሰበውም። ሰው ለማላገጥ ብሎ አለቃው ፊት አይቆምም። ለማላገጥ አጭር ይበቃል።

ይቆማል። ዓይኑን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ብርዱ ነው፣ ብርዱ አይደለም። መዳፉ ላይ ስኳር አለ።

ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ትራም ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሳል፣ ይህን እንኳ ሰሌዳው ላይ ያያል፣ ቁልቁል አንብቦ፣ በጣቱ ተከትሎ፣ ሁለት ጊዜ። ሳትገባ አጠገቧ ይደርሳል። ነጠላ ጫማውን አልጋዋ ሥር ያስቀምጣል፣ ራዲም በዘጠኝ ይመጣል ይላታል፣ ዋሸሁሽ ይላታል፣ አውቃለሁ ትለዋለች፣ መነጽሯን አውልቃ፣ እስኪ ሎይዛ፣ በምን መጣህ ትለዋለች።

በአንድ ከአሥራ አራቱ።